ቢያንኪ ያልከው ብስክሌት ቢያንኪ አይደለም

ጥያቄው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ልጅ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«አያቴ ትተውልን የሄዱት አሮጌ ቢያንኪ አለን። ቀለሙ ውኃ ሰማያዊ ነው። በወጣትነታቸው ይወዳደሩበት ነበር ይባላል። እንደ ጥንቱ በኦርጅናል ዕቃ ላድሰው ብዬ ሠራተኛ ዘንድ ወሰድኩት። ፔዳሉ ይወላገዳል። በቀኝ በኩል ያለው የኩሽኔታ ስኒ ሁለት ቀን ታግለነው አልፈታ አለ። በግራ በኩል አዲስ ስኒ ገዝተን ስንሞክር ሁለት ዙር ይገባና ይነክሳል። ሠራተኛው ‹ጥርሱን እንደገና ላውጣለት› እያለኝ ነው። ጎማው 28 ስለሚል 28 የሆነ ጎማ ከነቸርኬው ገዛሁ፤ ፍሬኑ አልገጥም አለ። ካምቢዮው (ማርሹ) ደግሞ ዳገት ላይ አንዳንዴ ባዶውን ይዞራል። ኦርጅናል የቢያንኪ ዕቃ አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገኛል? ወይስ ከጣሊያን ላስመጣ? ቀለሙንስ ላስቀባው?»

አምስት ፎቶም ልኳል። በዕድሜ ስለምበልጠው አንተ እያልኩ እመልስለታለሁ።

ከስሙ እንጀምር፤ ችግርህ በሙሉ የሚነሳው ከስሙ ነው። ብስክሌትህ ቢያንኪ አይደለም። የእንግሊዝ ራሌይ ነው፤ የኖቲንግሃም ሥራ። ሁለተኛውን ፎቶ አጉልተህ እየው። የፊቱ ኮሮና፣ ማለትም ሰንሰለቱን የሚስበው ባለጥርስ ክብ (ከበሽታው በፊትም ስሙ ይኸው ነበር)፣ መሃሉ ላይ ሦስት አንገተ ረጅም የውኃ ወፎች ተቀርጸውበታል። ያ ወፍ የራሌይ ምልክት ነው። ሹካውንም እይ። ከላይ ትከሻው ላይ ሁለት ክብ የኒኬል ቆቦች አሉት፤ እሱም የዚያው ቤት መልክ ነው። መሪው ፊት ለፊት ሁለት የሚስማር ቀዳዳ ይታያል። የስም ሰሌዳው እዚያ ነበር፤ ወይ ወድቋል ወይ ተነቅሏል። አምስተኛው ፎቶ ደግሞ ጨርሶ ያስረዳል። የኋላው ሞዞ (የጎማው እምብርት) ላይ «ስተርሚ አርቸር» የሚል ማህተም አለ፤ ከሥሩ «ኤ ደብሊው»፣ ከዚያ 58 እና 9። ስተርሚ አርቸር የራሌይ የገዛ ካምቢዮ ሠሪ ነበር። 58 እና 9 ማለት ሞዞው የተሠራው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1958 ነው። በእኛ 1950 ሊያልቅ ሲል ወይም 1951 ሲጠባ ማለት ነው። ልብ በል፤ ያ የሞዞው ዕድሜ ነው። ቸርኬ ይቀየራል፤ ስለዚህ የብስክሌቱን ልደት በእሱ ብቻ አትማል።

ታዲያ ቢያንኪ የተባለው ለምንድን ነው? በቀለሙ። የሚላኖው ቢያንኪ በውኃ ሰማያዊው ስለሚታወቅ፣ እዚህ አገር ሰማያዊ የተቀባ አሮጌ ብስክሌት ሁሉ ቢያንኪ ሆኖ ቀረ። የአንተን ግን ቆየት ብሎ ሰው ነው የቀባው። በሦስተኛው ፎቶ ከፔዳሉ በታች፣ ጭቃ በሚመታው ቦታ ላይ፣ ሰማያዊው ተልጦ ጥቁር ይታያል። ጥቁሩ ነው የፋብሪካው።

ስለ ውድድሩም ልንገርህ፤ እንዳትቀየመኝ። አገራችን መጀመሪያ ኦሊምፒክ የሄደችው በ1949 ሜልቦርን ላይ ነው። ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባም በብስክሌት ተወዳድረዋል። የዚያን ዘመን አያቶቻችን ልባቸው ብስክሌት ላይ ቢሆን አይገርምም። ይህ ግን የውድድር ዕቃ አይደለም። በሽቦ ፈንታ በብረት ዘንግ የሚሠራ ፍሬን፣ ሰፊ ቸርኬ፣ የተንጋለለ ቴላዮ (የብስክሌቱ አካል)፣ 20 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ያለው የሥራ ብስክሌት ነው። አያትህ ተወዳድረውበት ከሆነ ጉልበታቸውን አደንቃለሁ። ለዕቃ ፍለጋው ግን «የውድድር» የሚለውን ቃል እርሳው። ያንን ቃል ሰምቶ የማይገጥምህን ውድ ዕቃ የሚሸጥልህ ብዙ ነው።

አሁን ወደማይፈታው ስኒ፣ የፔዳሉ ዘንግ ብዮች ወደሚሽከረከሩበት ጎድጓዳ ቀለበት። ሠራተኛህ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ የተሳሳተው ስምህን አምኖ ነው። በጣሊያን ብስክሌት የቀኙም የግራውም ስኒ ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፤ እንደማንኛውም ቡሎን። በእንግሊዝ ብስክሌት ግን በኮሮናው በኩል ያለው የቀኝ ስኒ ጥርሱ (የሚጠመዘዝበት መስመር) ተቃራኒ ነው። ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። የግራ ፔዳል በተቃራኒ እንደሚፈታ ሁሉም ሠራተኛ ያውቃል፤ ይኸም የዚያ ወንድም ነው። ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክታችሁ፣ ላምባ እያፈሰሳችሁ ስትታገሉ፣ እየፈታችሁ አልነበረም። እያጠበቃችሁ ነበር። ደግነቱ የራሌይ ብረት ቻይ ነው።

ይህን ስላወቅክ ሮጠህ ሄደህ በትክክለኛው አቅጣጫ ልፍታው እንዳትል። የቀኙ ስኒ መውጣት የለበትም። ካልተሰነጠቀ ወይም ካልተበላ በቀር በቦታው ሆኖ ነው የሚጸዳው። ፐርኖውን (በሁለቱ ስኒዎች መሃል የሚያልፈውን ዘንግ) አውጣ። በጨርቅና በላምባ ውስጡን እጠብ። ከዚያ በግራ በኩል በባትሪ መብራት እያበራህ እየው። ብዮቹ የሚሄዱበት መስመር እንደ መስታወት የሚያበራ ከሆነ ጤነኛ ነው። ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ከተቦረቦረ ያኔ ይወጣል። የስክሪብቶ ጫፍ በመስመሩ ላይ አዙርበት፤ ዓይን ያላየውን ጉድጓድ እጅ ይሰማዋል።

የግራው ስኒ ሁለት ዙር ገብቶ የሚነክሰው ዝገት ስላለ አይደለም። ጥርሱ ስለማይገጥም ነው። የብዙው የእንግሊዝ ብስክሌት ስኒ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አለው። ራሌይ ግን ትልቅ ፋብሪካ ነበር፤ አብዛኛውን ዕቃ ራሱ ስለሚሠራ የራሱን ልክ ይዞ ነው የቆየው፦ 26። ውፍረቱ ያው ነው፤ ዓይን አይለየውም፤ ጅማሬው ላይም ሸጋ ሆኖ ይገባል። ሁለት ዙር ከሄደ በኋላ ግን ጥርሶቹ ይተላለፋሉ። በቁልፍ ብትገፋው ይገባልሃል። የሚገባው ግን የቴላዮውን ጥርስ እየበላ ነው። መሪው የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይም ያው የ26 ጣጣ ይጠብቅሃል። እሱ ካላስቸገረህ አትንካው።

እንዴት ትለካዋለህ? የጥርስ መለኪያ ቅጠል ያለው ቶርኖ ቤት ካገኘህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከሌለ አሮጌውን የግራ ስኒ ያዝ (አራተኛው ፎቶ ላይ ጋዜጣ ላይ ተቀምጧል፤ እባክህ እንዳትጥለው)። ነጭ ወረቀት ጥርሱ ላይ ጠቅልልና በእርሳስ አሽው። መስመሮቹ ወረቀቱ ላይ ይወጣሉ። ከአንዱ መስመር ተነስተህ 10 ቁጠርና በካሊፐር ለካ። 9.8 ሚሊ ገደማ ከሆነ 26 ነው። 10.6 ገደማ ከሆነ 24 ነው። በአሥር ጥርስ ላይ ያለው ልዩነት አንድ ሚሊ እንኳ አይሞላም። ሱቅ ቆመህ በዓይን «ይሄ ያው ነው» የሚልህን ሰው የማታምነው ለዚህ ነው። ሻጩ ሊያታልልህ ፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ ለእሱም ያው ይመስለዋል።

«ጥርሱን ላውጣለት» ስለሚለው ሐሳብ መልሴ አጭር ነው። አይሆንም። በ26 ጥርስ ላይ 24 ብታስወጣበት አዲሱና አሮጌው ይቆራረጡና ሁለቱም ይሞታሉ። ወደ ጣሊያኑ 36 ሚሊ ማስፋት በንድፈ ሐሳብ ይቻላል። ያ ግን ብረት መብላት ነው፤ የተበላ ብረት አይመለስም። ብየዳውንማ አታንሳብኝ። ስኒው የጠነከረ ብረት ነው፤ እሳት ሲነካው ጥንካሬውን ያጣል፤ ቴላዮውም ይጣመማል። ይህን የምልህ ከሰማይ ወርጄ አይደለም። ወጣት ሳለሁ አንድ ደንበኛ እንደ አንተ ያለ ጥቁር ራሌይ አመጣልኝ። ቸኩዬ ነበር። የ24 መቁረጫ አስገብቼ ዞርኩበት። የወጣው ነገር ጥርስ ሳይሆን ብናኝ ነበር፤ ግራሶ ላይ ተለጥፎ እንደ ብር ዱቄት ሲያብለጨልጭ አሁንም ይታየኛል። ሰውየው ምንም አላለኝም፤ ዝም ብሎ አየኝ። ቴላዮውን ገዝቼ አስቀረሁት። እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል።

ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ፤ ሁሉም ገደብ አለው። ጥርስ የማይፈልግ፣ ከግራና ከቀኝ ተጠባብቆ ራሱን የሚይዝ ዘመናዊ ፐርኖ ውጭ አገር ይሸጣል። ጥርሱ ለሞተ ቴላዮ መዳኛ ነው። ነገር ግን ጫፉ አራት ማዕዘን ነው፤ የአንተ የፔዳል ክንድ አይገባበትም። እሱን ካስገባህ ወፎቹ ያሉበት ኮሮና ተሰናበተ ማለት ነው። ቶርኖ ቤት አዲስ ስኒ ይቀርጽልሃል፤ ቅርጹም ያምራል። ሙቀት ሰጥቶ የሚያጠነክርልህ ከሌለ ግን ለስላሳ ብረት ላይ ብዮቹ በጥቂት ወር ቦይ ይቆፍራሉ። ለማጥበቂያው ቀለበት ግን ቶርኖ በቂ ነው፤ እሱ ላይ ምንም አይሽከረከርም።

እኔ የምልህ ይህን ነው። አሮጌዎቹን ስኒዎች አጽዳና መልሰህ ተጠቀምባቸው። በፎቶው ላይ የግራው ስኒ መስመር ደህና ነው። የሚያረጁት መጀመሪያ ብዮቹ ናቸው። በእያንዳንዱ በኩል 11 ብይ ይገባል፤ ልካቸው ሩብ ኢንች ነው፣ 6.35 ሚሊ። የኩሽኔታ ሱቅ ገብተህ በዚህ ቁጥር ጠይቅ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይር፤ አዲስና አሮጌ አትቀላቅል። ስኒውን ግራሶ ሞልተህ ብዮቹን አንድ በአንድ ስካቸው፤ ግራሶው ራሱ ይይዛቸዋል። ከዚያ የግራውን ስኒ መወዛወዙ እስኪጠፋ ብቻ አጥብቅ። በጣትህ ስታዞረው የሚንገራገጭ ከሆነ በዝቷል፤ ሩብ ዙር መልስ። ማጥበቂያ ቀለበቱን ስታስር ስኒው አብሮ ሊዞር ስለሚሞክር በሌላ እጅህ ያዘው።

ሁሉን ከመፍታትህ በፊት ግን አንድ ሙከራ ነበረች። ሁለቱን የፔዳል ክንዶች በሁለት እጅህ ያዝና ወደ ጎን ነቅንቅ። ሁለቱም አብረው ከተንቀሳቀሱ ችግሩ ኩሽኔታው ጋ ነው። አንዱ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ስኒው ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛዋ ቻቬታ ናት። ክንዱን ከፐርኖው ጋር የምታስረዋ ሾጣጣ ብረት ማለቴ ነው። የግራውን ክንድ ቻቬታ በፎቶ አይቻታለሁ። ጫፏ በመዶሻ ተመትቶ እንጉዳይ መስሏል። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሁሉ መወላገድ ከእሷ ቢመጣ አይገርመኝም።

የራሌይ ቻቬታ 9.5 ሚሊ ነው። የብዙ ጣሊያንና ፈረንሳይ ብስክሌት ግን 9 ነው። 9ኙ ያለ ትግል ይገባል፤ ለዚህም ነው ሰው የሚወደው። ሁለት ቀን ትነዳዋለህ፣ ከዚያ «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል። በካሊፐር ሳትለካ አትግዛ። ደግሞ ርካሾቹ ለስላሳ ናቸው፤ በካቻቢቴ ቢጫር የሚላጥ ብረት ለዚህ ቦታ አይሆንም። የቻቬታዋ ጠፍጣፋ ጎን ፐርኖው ላይ ባለው ቦይ ላይ ሙሉ በሙሉ መተኛት አለበት። ካልተኛ በሞረድ ቀስ እያልክ አስተካክል፤ ሁለት ጊዜ ፋቅ፣ አስገብተህ ሞክር፣ አውጣ፣ እንደገና ፋቅ። ሁለቱን ስትገጥም አንዱ ክንድ ላይ ሌላው ታች ሆኖ ስታያቸው፣ የአንዱ ዳዶ ወደ ፊት የሌላው ወደ ኋላ መመልከት አለበት። በአንድ አቅጣጫ ከገቡ ክንዶቹ ቀጥታ መስመር አይሠሩም፤ ስትነዳ እግርህ ያነክሳል።

ማስገቢያው ሞርሳ (እየጨመቀ የሚይዘው መሣሪያ) ነው እንጂ መዶሻ አይደለም። መዶሻ ግድ ከሆነብህ ከክንዱ ሥር የብረት ቱቦ መሬት ድረስ አቁምለት። ያለበለዚያ ምቱን የሚቀበሉት አዲሶቹ ብዮችህና ስኒዎቹ ናቸው። ዳዶው ቻቬታዋን ስቦ እንዲያስገባ አትጠብቅ፤ ጥርሱ ይበጠሳል። የዳዶው ሥራ የገባችውን መያዝ ብቻ ነው። ለሙከራ ከቤትህ ለገሃር ደርሰህ ተመለስና ዳዶውን እንደገና እየው። ትንሽ ላልቶ ታገኘዋለህ፤ ደንብ ነው።

ወደ ጎማው። 28 የሚለው ቁጥር ያሳሳተህ አንተን ብቻ አይደለም። አሮጌው ጎማ ላይ ያለው ሙሉ ጽሑፍ «28 በ1½» ነው። ዘመናዊው ላይ «28 በ1.75» ወይም ሌላ ነጥብ ያለው ቁጥር ታገኛለህ። ሁለቱም 28 ይባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። እውነተኛው ልክ ጎማው ጎን ላይ በትንሹ የሚጻፈው ነው። የአንተ 635 ይላል፤ የገዛኸው 622። ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ከዳር እስከ ዳር ያለው ልክ በሚሊ ማለት ነው። ልዩነቱ 13 ሚሊ ነው፤ በእያንዳንዱ ጎን 6.5። ከዚያ በላይ ደግሞ የአንተ ፍሬን ቸርኬውን ከጎን አይደለም የሚይዘው። ዘንጉ ወደ ላይ ሲሳብ የፍሬኑ ላስቲክ ከሥር፣ በሞዞው በኩል ያለውን የቸርኬ ትከሻ ነው የሚጫነው። ዘመናዊው ቸርኬ ያ ትከሻ የለውም። ስለዚህ «አልገጥም አለ» ሳይሆን የሚይዘው ቦታ የለም። ብታጥፈው፣ ብታስረዝመው አይሆንም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ለዚህ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግህም። የሕንድና የቻይና ከባድ ብስክሌቶች፣ እነ ሂሮና ፊኒክስ፣ ያንኑ የድሮ የእንግሊዝ ልክ ይዘው ነው የመጡት። 635 ጎማ፣ የዘንግ ፍሬን ላስቲክ፣ ሰፊ ሰንሰለት መርካቶ ውስጥ ከሞላ ጎደል ይገኛል። አዲስ አበባ ካጣህ ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ጠይቅ፤ ብስክሌት በሚነዳበት ከተማ መለዋወጫው አይጠፋም። ቸርኬውን ራሱን ከመቀየርህ በፊት ግን የሽቦ ቀዳዳዎቹን ቁጠር። የድሮ እንግሊዝ ልማድ ፊት 32፣ ኋላ 40 ነው። ዘመናዊው አብዛኛውን ጊዜ 36 ነው። በ40 ቀዳዳ ሞዞ ላይ የ36 ቸርኬ አታስርም። የአንተን ግን ከላይ ብቻ ነው ዝገት የነካው። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ዓይነት የአሉሚኒየም ወረቀት ውኃ ነክረህ እሸው፤ ኒኬሉ ሲመለስ ራስህ ትገረማለህ።

ካምቢዮው አልተበላሸም ብዬ እገምታለሁ። ያ ሦስት ፍጥነት ያለው ሞዞ ባሕርዩ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ባዶ ቦታ አለው። ሽቦው ከላላ ወይም በደንብ ካልተስተካከለ እዚያ ባዶ ላይ ይወድቃል። ቆመህ ስትረግጥ ከሆነ እግርህ ወርዶ አገጭህ መሪው ላይ ያርፋል። ቸርችል ጎዳናን ወደ ማዘጋጃ ቤት እየወጣህ፣ ከኋላህ ሚኒባስ እየጮኸ፣ ይህ ቢደርስብህ ቀልድ አይደለም። አስተካክለህ እስክትጨርስ ቁጭ ብለህ ንዳ።

ማስተካከያው ቀላል ነው። መቀየሪያውን ሁለተኛው ላይ አድርግ። በቀኝ በኩል ያለው ረጅም ዳዶ መስኮት አለው፤ በእሱ አሻግረህ እይ። ትንሿ ሰንሰለት የታሰረችበት ቀጭን ዘንግ ትከሻዋ ከፐርኖው ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ወደ ውስጥ ከገባች ሽቦውን ሳብ፣ ከወጣች ልቀቅ። ሞዞው ላይ ባለችው የዘይት ክዳን በኩል አንድ የሻይ ማንኪያ ቀጭን የሞተር ዘይት ስጠው። ግራሶ ውስጡ አትክተት። ውስጥ ያሉት ትንንሽ መንጠቆዎች በግራሶ ከተያዙ አይከፈቱም፤ ያኔ በእውነት ባዶውን ይዞራል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልዳነ ብቻ ይከፈታል። ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ግን ውሰደው፤ መርካቶ መሃል ቆሞ የሚፈታ ነገር አይደለም።

አሁን «ኦርጅናል» የሚለውን ቃል እናስተካክል። እኛ ኦርጅናል ስንል «ቻይና አይደለም» ማለታችን ነው። ለአሮጌ ብስክሌት ይህ መለኪያ አይሠራም። ዋናው የዘመኑ ልክና የዘመኑ ዓይነት መሆኑ ነው። ትናንት ሕንድ የተሠራ የ635 ጎማ ለአያትህ ብስክሌት ከየትኛውም ውድ የጣሊያን ዕቃ ይቀርባል። እኛ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ እያልን በጣሊያንኛ ስለምንፈታ ሁሉም ብስክሌት ጣሊያን ይመስለናል። ብረቱ ግን ቋንቋችንን አይሰማም።

እኔ በሁለት እከፍለዋለሁ። የሚያልቅ ነገር ሁሉ አዲስ ይሁን፦ ብይ፣ ቻቬታ፣ ጎማ፣ የፍሬን ላስቲክ፣ ሰንሰለት፣ የካምቢዮ ሽቦ። በእነዚህ ላይ አሮጌ ፍለጋ መዞር ፋሽን እንጂ ሙያ አይደለም። ቴላዮው፣ ሹካው፣ ባለወፉ ኮሮና፣ ሞዞው፣ የፍሬን ዘንጎቹ ደግሞ የራሱ ሆነው ይቆዩ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ብቻ ነው አደን የምትወጣው።

አደኑ የት ነው? ምናለሽ ተራ ጥሩ ጫማ አድርገህ በጠዋት ግባ። ብረቱ በኪሎ ተመዝኖ ወደ ማቅለጫ ከመሄዱ በፊት ነው የምትደርስበት። «ራሌይ አለ?» ብለህ አትጠይቅ፤ ስሙን ስትጠራ ዋጋው ይወጣል፤ ደግሞም ማንም አያውቀውም። የወፎቹን ፎቶ ስልክህ ላይ አሳይ። ካሊፐርና አሮጌውን የግራ ስኒ ኪስህ ይዘህ ዙር። ከዚያ ይልቅ የሚሻለው ግን የሰፈር ሽማግሌ ነው። ከፒያሳና ከአካባቢው ብዙ ሰው በልማቱ ሲነሳ የስንት ዘመን ዕቃ ቤት ተራገፈ። ቤት የቀየሩ ዘመዶችህን ጠይቅ፤ በረንዳ ላይ ሰንሰለት የሌለው ጥቁር ብስክሌት ያስቀመጠ ሰው አይጠፋም። የተሰበረ ሙሉ ራሌይ በአንድ ዋጋ ብታገኝ አሥር ነጠላ ዕቃ ከመልቀም ይበልጣል። ያን ጊዜ ሁሉም የራሱ ልክ ነው። ሊነዳ የሚችል ብስክሌት ግን ለዕቃ ብለህ አትረድ። ከማን እንደገዛህም እወቅ፤ የተሰረቀ ዕቃ ኋላ ጣጣ ያመጣል።

ከጣሊያን የሚመጣ ምንም የለህም። የግድ ከውጭ የሚመጣ ከኖረ ከእንግሊዝ ነው፤ እሱም ትንንሹ ብቻ፦ ባለ 26 የግራ ስኒ፣ ፐርኖ፣ የ9.5 ቻቬታ። ሁሉም ተደምሮ እፍኝ አይሞላም፤ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ አይከብደውም። ሻጩን «የራሌይ ነው?» ሳይሆን «26 ነው?» በለው። ዕቃው ካሊፐር ውስጥ ተይዞ ፎቶ ካልላከልህ አትክፈል። ቸርኬና ቴላዮ በአውሮፕላን ማስመጣትን ላሽ በለው፤ ማጓጓዣውና ቀረጡ ብስክሌቱን ይበልጣሉ።

ቀለሙን አታስቀባው፤ የቢያንኪ ጽሑፍም አታስለጥፍበት። ሰማያዊው ካስጠላህ ከሥሩ ጥቁሩ ስላለ በትዕግሥት፣ በጥፍርና በጨርቅ፣ በትንሽ በትንሹ ሊነሳ ይችላል። ከታች የማይታይ ቦታ ላይ ሞክረህ ጀምር። አሸዋ የሚረጭ ማሽን አጠገቡ አይድረስ። ሰማያዊውም ቢሆን ግን የአያትህ እጅ ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰብ ጠይቅ። እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለክረምቱ። የብረት ቸርኬ ሲርስ የዘንግ ፍሬን እንዳልነበረ ይሆናል። በደረቅ መንገድ የሚያቆምህ ርቀት በዝናብ ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ምንም ዓይነት ላስቲክ ይህን አይፈውሰውም። ከአራት ኪሎ በላይ ያለውን ቁልቁለት በዝናብ አትሞክር። አዲሱን ላስቲክ ከገጠምክ በኋላ መጀመሪያ እሑድ ጠዋት፣ ሰው በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ፣ በዝግታ ቆም ቆም እያልክ ፈትነው።

ከነገ ጀምር። ሠራተኛህን መቁረጫውን እንዲያስቀምጥ ንገረው፤ የቀኙንም ስኒ አትንኩት። ቻቬታዋን ለካ፣ 22 ብይ ግዛ። የገዛኸውን ቸርኬ ደግሞ ሳይጫር ወደ ሱቁ መልሰው፤ ደረሰኙ ካለህ ይቀይሩልህ ይሆናል።